ስንተኛዎ ነው?

ኤይላት። የሆቴሉ ምድር ቤት፣ ሠርግ ይደገስበት የነበረ አዳራሽ፤
ጠረጴዛ ዘርግተን እንጽፋለን፦ ስም፣ ዕድሜ፣ ብርድ ልብስ፣ ፍራሽ።
እኔ አስተርጓሚ ነኝ፤ የኖጋን ዕብራይስጥ ወደ አማርኛ፣
የእናቶቹን ዝምታ ግን ወዴት ላድርሰው፣ እኔ ተራ መልእክተኛ?

ከስዴሮት የመጡ በሌሊት ልብሳቸው፣
መድኃኒት የረሱ፣ መነጽር የቀራቸው፤
ወረፋው ይጎተታል፣ ሊፍቱ ያቃስታል፣
በር በተዘጋ ቁጥር አንድ ሕፃን ጠረጴዛ ሥር ይገባል።

ወይዘሮ ትርፌ ደረሱ፤ በእጃቸው ቁልፍ፣ ሌላ ምንም።
«ከቤትዎ ምን ቀረ?»
«ሽምብራ። ዘፍዝፌው ነበር፤ ከውሃው አላወጣሁትም።»
ተረጎምኩ። ኖጋ ቅጹን ገለጠች፣ መለሰች፤
ለሽምብራ ቦታ የለውም። «ቀጥይ» አለች።

ተራ ቁጥር ሰባት፦ ተፈናቅለው ያውቃሉ? ስንተኛዎ ነው?
ሳቁ ወይዘሮዋ ጥርስ በሌለው ድዳቸው።
«ከወገራ በእግር፣ አንድ በይ።
ገዳሪፍ ድንኳን ሥር ሁለት ልጅ አፈር አለበስኩ፤
እሱን አትቁጠሪ፤ እዚያ አልተነሣሁም፣ ተቀመጥኩ።
ከዚያ በጭነት መኪና፣ ሸራ ለብሰን፣ ሁለት።
ከዚያ ባሕር ዳርቻ፣
ፊታቸውን ያላየናቸው ወንዶች
አንሥተው ጀልባ ላይ ሲያስቀምጡን በሌሊት፣
ሦስት።»

ቀና አሉ። ከመስኮቱ ማዶ ጠቁሯል ውሃው።
«ያው ባሕር ነው» አሉ፤ «አወቅሁት በሽታው።»
ምን ልበል? ለኖጋ «በጠረኑ» አልኳት፤
ሕመሙን ለብቻዬ ዋጥኩት።

«ለስንት ቀን ነው?» ሲሉ ኖጋ ጣሪያውን አየች፤
ከሰው ሠርግ የተረፈች አንዲት የወረቀት አበባ
ከማራገቢያው ላይ ተንጠልጥላለች።

ፎጣ ተሸክሞ ምሕረትአብ አለፈ፣
ከአሥመራ ወጥቶ ከሲና አሸዋ የተረፈ፣
አሥራ ሁለት ዓመት የሰው አልጋ ያነጠፈ።
«ይሄን ልጅ ጻፊው እንጂ!» አሉኝ።
«የሆቴሉ ሠራተኛ ነው» አለች ኖጋ።
እሱ በለሆሳስ፣ በሰባራ አማርኛ፣
«እናቴ፣ የኔ ወረቀት ሌላ መስኮት ነው፤
ጦርነቱ ከመጣ ወዲህ አልተከፈተም።»

አራት ብዬ ጻፍኩ። ከረጢቱን ሰጠናቸው፦
የጥርስ ብሩሽ፣ ሳሙና፣ አንሶላ፣
በስሕተት የገባ የሕፃን ፒጃማ፣ ዝሆን የታተመበት።
ብሩሹን መለሱ። ፒጃማውን
አንድ ጊዜ አጠፉት፣ ሁለት ጊዜ አጠፉት፣
ከቁልፉ ጋር ያዙት።

ሦስተኛ ፎቅ። የክፍሉን ካርድ አገላብጠው አዩት፤
«ይሄም እንደኔ ጥርስ የለው። ይከፍታል ነው የምትዪኝ?»
ምሕረትአብ ተቀብሎ አስነካው። አረንጓዴ በራ።
«ሽምብራው ይሄኔ ጎንቁሏል» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን።
ከዚያ ወደ እሱ ዞረው፣
«ግባ እንጂ፣ ምን ትቆማለህ?»

ፎጣውን እንዳቀፈ
ከደፉ ላይ ቆመ።