ላልተዘራው

የካቲት ነው፤ ካንሳስ። በረዶው ጥግ ጥጉን ጠቁሮ ተጋግሯል፤
ከቢሮዬ ማዶ ያለው የእህል ጎተራ ጭጋግ ተከናንቧል።
ስሜ በሩ ላይ አለ፤ ከስሜ በታችም፦ «የእርሻ ድጎማ»፤
ሃያ ሁለት ዓመት ተቀምጫለሁ እዚህ፣ የገበሬ ሮሮ ስሰማ።

ዋልዶ ኒውፌልድ ይመጣል በዚህ ሰሞን፣ ኮፍያውን በእጁ ጨብጦ፤
ጭቃውን ደጃፍ ላይ አራግፎ፣ እንደ ምስክር ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣
«የቱ ጋ ነው ፊርማው?» ይላል። ያውቀዋል፤ ስንቴ ፈርሟል፤
ብዕር ሲይዝ ግን መሪ የለመደው ጣቱ ሁሌ ይደነግጣል።

ውሉ እንዲህ ነው፦ ዳገቱን አትረስ፤ አትዝራ፤ ሣሩን ተወው ይደግ፤
አፈሩ ይረፍ፤ ወፉም ይግባበት፤ መንግሥት ይከፍልሃል በሕግ።

«አባቴ ይህን ቢሰማ» ይለኛል፣ «ከመቃብር ይነሣ ነበር፤
የዘራኸውን ታጭዳለህ ነው በቀበቶ ያስተማረኝ ምክር።
እኔ ያልዘራሁትን አጨድኩ፤ ያውም በቼክ፣ ያውም በፖስታ፤
ጎረቤት ሲያየኝ ሳል ይመጣብኛል፤ አላውቅም፣ ሌባ ነኝ ወይስ ጌታ።»

በመጋቢት ዝርዝሩ ወጣ፤ ጋዜጣው ላይ፣ ስም በስም፣ ዶላር በዶላር፣
በዶሪን ምግብ ቤት፣ ከእንቁላሉ ጎን፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር።
ዋልዶ፦ ሺህ አንድ መቶ አርባ። ሳቁበት። «ዳገቱ ወለደ!» አሉ።
ከላይ ያለውን ግን፣ ስድስት አሃዙን፣ ዝም ብለው ዘለሉ።
ሽርክና ይባላል፤ አድራሻው ዴንቨር፣ የፖስታ ሣጥን ቁጥር፤
ከጫማው ሶል ላይ ቢፈለግ አይገኝም የዚህ ወረዳ አፈር።

በትልቁ ማን ይስቃል?
ትንሽ ቁስል ነው የሚታከከው፤ ትልቁ ይፈራል።

ዋልዶ በሰኔ ሞተ፤ ስንዴ በሚታጨድበት ወር፣ ልቡ፣ ድንገት፤
ኮምባይነሩ ቆሞ ሲያጓራ፣ ማንም ሳያጠፋው እስከ ምሽት።

በጥቅምት ቼኩ ወጣ በስሙ። መዝገብ መርዶ አይሰማም።
ቨርና ይዛው መጣች፤ አልተቀመጠችም፤ አላለቀሰችም።
«ሙት አይቀበልም» ብላ፣ ፖስታውን በመስታወቱ ሥር ገፋችው፤
«እንዲያርፍ የተከፈለው መሬቱ ነበር፤ ያረፈው ግን ዋልዶ ነው።»

ኮምፒውተሩን ከፈትኩ፤ «ሞቷል» የሚል ሣጥን አለ፤ ነካሁት፤
«ይመልሳል» የሚል ግን የለም፤ ላይ ታች ብዬ ፈለግሁት።
ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ መልሶ የሰጠ ሰው የለምና፣
ማሽኑ ምን ይበል? እኔስ? ዝም አልኩ፣ እጄን ጭኔ ላይ ጣልኩና።

የዴንቨሩንም አየሁ ያን ቀን፤ ሦስት አባል፣ ሁለቱ በመቃብር፤
በየዓመቱ ይፈርማሉ፣ ጣታቸው ሳይደነግጥ፣ ፊደላቸው ሳይሰበር።
ነገርኩት ለአለቃዬ። «ጠበቃ አላቸው» አለኝ፣ እስክሪብቶውን እያኘከ፤
ከዚያም ስለ ልጁ እግር ኳስ ቡድን እስከ ምሳ ተረከ።

ፖስታው እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ ነው፣ ከስቴፕለሩ ሥር፣ እንደታሸገ፤
ወደ ቤቴ ስነዳ በዳገቱ ግርጌ አልፋለሁ፤ ሣሩ አጥሩን ሸሽጎ አደገ።
ማንም አልዘራውም።

አንዲት የዱር ዶሮ ከመሃሉ ወጥታ መንገዱን በእግሯ ታቋርጣለች፤
ፍሬን እይዛለሁ። ዕዳ እንደሌለባት ሁሉ፣ ሳትቸኩል፣ ታልፋለች።