የማስረጃ ምንጭ

ከቱሉ ዲምቱ ማዶ፣ አስፋልቱ ሲያበቃ፣
ባጃጁ አወረደኝ፣ «ከዚህ ወዲያ ጎማ ይበላል» አለና በቃ።
መጋቢት ነው። ጥቁሩ አፈር አፉን ከፍቷል በየመስመሩ፤
እየዘለልሁ ተሻገርኩ፣ ስንጥቅ ከስንጥቅ፣ እስከ አጥሩ።
በብብቴ አርባ አንድ መስፈርት፣ በኪሴ ሜትርና ቴርሞሜትር፣
ይህ ሕንፃ አረንጓዴ ነው ወይ? ብዬ ልመሰክር።

ጣሪያው ላይ ፀሐይ የሚጠጣ ሰሌዳ፣
ሃያ አራት ቁራጭ፣ አቧራ እንደ ኩታ የተከናነበ።
ነጥቡን ሰጠሁት።
የዝናብ ጋኑን በጉልበቴ መታሁት፣ ባዶ ነው፤ እንደ ከበሮ ጮኸ።
ቅጹ ግን የሚጠይቀው ስለ ጋኑ ነው፣ ስለ ውኃው አይደለም።
እሱንም ሰጠሁት።
የብስክሌት ማቆሚያው ላይ በግ ታስሯል።
«ጭስ አያወጣም» አለኝ ዘበኛው፣ ፊቱ ሳይፈታ።
ሦስት ነጥብ፤ ሙሉ።

ከዚያ መጣ፦ ድንጋዩ ስንት ኪሎ ሜትር ተጓዘ?
የፊቱ እብነ በረድ ባሕር ተሻግሯል፤ ዜሮ ተያዘ።
የኋላው ግን፣ የምዕራቡ ግንብ፣ ጥርብ ያልሆነ ጥቁር ድንጋይ፣
ከገላን ካባ በአይሱዙ፣ ሁለት ምልልስ።
«ዕቅዱ ላይ አልነበረም» አለ ፎርማኑ እያፈረ፣
«ሲሚንቶ ጠፍቶ፣ ብሎኬት ተወዶ፣ ባለቤቱ ‹በዚህ ዝጉት› ብሎ ነበረ።
ለዓይን አይመችም። ሲያልቅ በአሉሚኒየም ይሸፈናል።»
ጻፍኩ፦ ይሸፈናል።

ፀሐይ ስትጠልቅ ቴርሞሜትሬን አወጣሁ፤ ባትሪው ሞቷል።
ጋሽ ሁንዴ፣ ዘበኛው፣ የፕላስቲክ ወንበሩን ከጥግ ወደ ጥግ ይጎትታል።

«እሱን ተወው» አለኝ፤ «ይህ ቤት የሚለካው በጀርባ ነው።
መስታወቱ ቀን ይለበልበኛል፣ ሲመሽ እንደማያውቀኝ ይሆናል፤
ብሎኬቱ እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ያባብለኛል፤
ይህ ጥቁሩ ግን፣ ማንም ያልወደደው፣
ቀን የተቀበለውን እስከ እኩለ ሌሊት ይመልስልኛል፣
ሳንቲም ሳያጎድል።»

ከራሱ በላይ፣ ከመሠረቱ ተነስቶ፣ ስንጥቅ ይወጣል፤
ወር በወር በከሰል አስምሮበታል፣ እንደ ሱቅ የዱቤ መዝገብ።

«መስከረም ላይ፣ አፈሩ ጠግቦ ሳለ፣ ጥፍር አያስገባም ነበር።
ኅዳር ላይ አንድ ብር አስገባሁበት።
ዛሬ ይኸው፣ ትንሿ ጣቴ።
መረሬ ነው፣ ልጄ። አሥራ ስምንት ዓመት ሽምብራ ዘርቼበታለሁ፤
ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሸሻል፤
ሥር ያለው ይከተለዋል፣ ሥር የሌለው ይነቃል።
ሲቆፍሩ ተናግሬ ነበር። ‹አንተ ጥበቃ ነህ› አሉኝ።
እሺ፤ ጠበቅሁ።»

ኮፍያውን ዝቅ አድርጎ ሳቀ፦
«ሌሊቱን ሙሉ በዚህ ግቢ
እኔና ግድግዳው ብቻ ነን የነቃን።»

ቅጹን በስልኬ መብራት ገለጥሁት።
ስለ ስንጥቅ የሚጠይቅ ሣጥን የለም።
«ዕድሜ» የሚል አለ፣ ሠላሳ ሰባተኛው ላይ፣
ሁለት ነጥብ፤ ከበጉ በአንድ ያነሰ።
ዝቅ ብሎ «የቤት ውስጥ ሙቀት»፣ ከጎኑም
«የማስረጃ ምንጭ» ከሚለው ፊት ክፍት መስመር።

ባልዲ ገልብጦ አስቀመጠኝ።
ጀርባዬን ሰጠሁት ለጥቁሩ ድንጋይ።
ሙቀቱ በሸሚዜ በኩል ገባ፣ ቀስ ብሎ፣
ተስፋ እንደቆረጡበት ብድር።
በጉ ያመሰኳል። ከማዶ፣ ከኮንዶሚኒየሙ፣ ጄኔሬተር ያጓራል።
ከኪሴ አንድ ብር አውጥቼ ስንጥቁ ውስጥ ጣልሁ፤
ሲወድቅ አልሰማሁም።

ከዚያ «ይሸፈናል» የሚለውን ሰረዝሁት።
ግድግዳው፦ ባለበት ይቆይ።
መሠረቱ፦ ሽምብራ የዘራበት ሰው ይጠየቅ።
ድምሩን ለነገ አቆየሁት፤
የማስረጃ ምንጭ በሚለው ፊት ግን
በእስክሪብቶ፣ አጥብቄ፣ ጻፍኩ፦
ጀርባ።