ከዓምዱ ግራና ቀኝ

የሌሊት ዳቦዬን ጋግሬ ስገባ፣
ዱቄት የገባበት ዓይኔ እያነባ፣
ስልኬን እከፍታለሁ፤ ሰልፍ ይጠብቀኛል፤
«ከፊትሽ አርባ አንድ ሺህ ሰው አለ» ይለኛል።

እኔ የማውቀው ሰልፍ የመርሲ ዝናብ የመታው ነው፤
የፊተኛው ሰው ማጅራት የሚታይበት ነው፤
ሲያስነጥስ «ይማርህ» የሚባልበት ነው።
ይኸኛው ፊት የለው፣ ጀርባም የለው፤
አንዲት ክብ ነገር ናት ስክሪን ላይ የምትዞረው።

ዋጋውስ? አይጠየቅ። የደርቢው ቀን ወንበር
የሁለት ሳምንት የቤት ኪራዬን ያህል ነበር።
ሊም ስትሪት ጣቢያ በር፣ ኮፍያ የደፋ ልጅ
«አለኝ» አለ በሹክሹክታ፣ እንደ ድሮ ወዳጅ፤
ዋጋውን ሲነግረኝ ሳቅኩበት እስኪያፍር፤
በዚያ ገንዘብ፣ በአባቴ ዘመን፣ አጥቂ ይገዛ ነበር።

አባቴማ፣
ቅዳሜ ከወደብ ሲመለስ፣ እጁን ዘይት እንደነካው፣
ለአንድ ሰው ይከፍልና፣ በሚሽከረከረው የብረት በር
ወንድሞቼን አንሥቶ በላዩ ያሻግር ነበር፤
በር ጠባቂው ያን ጊዜ ሰማዩን ይመረምር ነበር።
በአንድ ሰው ዋጋ ሦስት። እኔ ሴት ነኝ፣ ቤት ቀረሁ፤
ግጥሚያውን በመስኮት፣ ከጩኸቱ ማንበብ ለመድሁ፤
ጩኸቱ ረጅም ከሆነ ጎሉ የእኛ ነው፤
አጭርና ወፍራም ከሆነ፣ ለዳኛው ነው።

አባታችን ሲሞት
ሌስሊና ቴረንስ ዓይንና ናጫ ሆኑ፤
ያጣላቸው ርስት እንዳይመስላችሁ፣ ምኑ!
የሬሳ ሣጥን ዋጋ ነው። ቴረንስ ርካሹን መረጠ፤
«ለአባቴ ችፑድ!» ብሎ ሌስሊ ጠረጴዛ ገለበጠ።
ስድስት ዓመት ሆናቸው።
ለገና አንዱ በዕለቱ፣ አንዱ በማግስቱ ይመጣል፤
የአንዱን ስም ስጠራ፣ ሌላው ሻዩን ያማስላል።

ማክሰኞ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ፣ ሊጡ ኩፍ እስኪል፣
ጣቴ ሊጥ ስለነበር፣ ስልኬን በአፍንጫዬ ነካ ነካ ስል፣
ሰው የመለሳቸው ሁለት ወንበሮች ብቅ አሉ፤
ሃያ ሁለት ፓውንድ፣ ሃያ ሁለት፣ ይላሉ።
ከሥራቸው በቀጭን ጽሑፍ፦ «እይታው የተከለለ»።
ከለለ አልከለለ!
አንዱን ለአንዱ፣ አንዱን ለአንዱ፣ በፖስታ ሰደድኩ፤
ማን አጠገብ እንደሚቀመጡ ግን ትንፍሽ አላልኩ።

ስታዲየሙ አሮጌ ነው፤ ጣሪያውን የተሸከመው
የብረት ዓምድ፣ ልክ በሁለቱ መካከል ነው የቆመው።
ሌስሊ በግራ ተቀምጦ የግራውን ጎል ያያል፤
ቴረንስ የቀኙን። መሀሉን ዓምዱ ያያል።
ሃያ ደቂቃ ዝም።

ከዚያ በግራ በኩል ጩኸት ፈነዳ።
«ምንድነው?» አለ ቴረንስ፣ ለዓምዱ።
«የማዕዘን ምት» አለ ሌስሊ፣ ለሜዳው።
«ማን ሊመታ?»
«ድንክዬው።»
«አይሻገርለትም።»
«አልተሻገረለትም።»

ከዚያ ወዲያማ፣
ኳሷ ወደ ግራ ስትሄድ ሌስሊ ሬዲዮ ሆነ፤
ወደ ቀኝ ስትዞር ቴረንስ ሬዲዮ ሆነ።
በሰማንያኛው ደቂቃ ከዓምዱ ጀርባ ገብታ ጠፋች፤
ሁለቱም እኩል አዘነበሉ፣
ግንባር ለግንባር ተላተሙ፣
ጎል ሆነ፤
በእኛ ላይ።

ይህን ሁሉ እንዴት አወቅሁ? እሑድ ጠዋት ሁለቱም ደወሉ፤
«ምን ዓይነት ቦታ ነው የገዛሽልን?» እያሉ።
ሌስሊ የግራውን ነገረኝ፣ ቴረንስ የቀኙን፤
እኔ እንደ ልጅነቴ ሰፋሁት ግጣሙን።
ሣጥኑን ማንም አላነሣ። ምናልባት አይነሣም።
ግንባራቸው ግን አብጧል፤ ያንን ማንም አልካደም።

ልዘጋ ስል ሌስሊ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣
«የፋሲካው ግጥሚያ፣ ሰልፉ መቼ ይከፈታል?» አለኝ።
«ለስንት ሰው?» አልኩት።
«ሁለት።»
«እይታ ያለው ልፈልግ?»
«ኧረ ተይ» አለ፣ «እሱማ ውድ ነው።»