ከአሥር ወደ አንድ

ኦባን ወደቡ ላይ፣ ከቲኬቱ መስኮት፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ስቆርጥ ወረቀት፣
ባራ ለሚሄደው፣ ለኮል፣ ለሊስሞር፣
ሁሉን ስሸኝ ኖርሁኝ ቆሜ ከባሕሩ በር።
ጡረታ ስወጣ ሸለሙኝ ሰዓት፤
ጊዜውን ሰጥተውኝ ሰዓት ምን ላርግበት?

አንድ ማክሰኞ ቀን ዝናብ ቢያባርረኝ፣
ከበጎ አድራጎት ሱቅ አንድ መጽሐፍ አየኝ፤
(እኔ አላየሁትም።) በሲኒ፣ በጫማ ተከቦ፣
ጠንካራ ሽፋኑ በጨው አየር ወይቦ።
ሁለት ፓውንድ አሉኝ። ቀስ ብዬ ገለጥሁት፤
ሰማያዊ ቀለም፣ ዘመም ያለ ጽሕፈት፦
«ለኢሶቤል። ይቅርታ፣ ዘገየሁ በጣም።»
ከሥሩ አንድ ፊርማ። ቀን ግን የለውም።

ኢሶቤልን አላውቅም። ደራሲውንም ቢሆን
ሰምቼው አላውቅም ስሙን እስከዚያ ቀን።
ይቅርታ መጠየቅ ግን ሥራዬ ነበር፤
ማዕበል ሲነሣ፣ ሞተር ሲሰበር።
የአፍ ይቅርታ ነው የኔው፤ ፊርማ የለበትም፤
መደርደሪያ ላይ ወጥቶ አልተቀመጠም።
ገዛሁት። ቤት ወሰድሁት ከካፖርቴ ሥር፣
ሕፃን እንደሚያቅፉ፣ ነፋስ እንዳይደፍር።

ቶርከል ነው ያስተማረኝ፤ ከጆርጅ ጎዳና ሥር፣
አይጥና መጽሐፍን አብሮ የሚያሳድር፤
ጣቱን በምላሱ ጭራሽ አያርስም፤
መጽሐፍ ሲገልጥ ትንፋሹ አይሰማም።
«ከአርእስቱ ጀርባ ቁጥር አለ፤ ቁጠሪ፤
ከአሥር ወደ አንድ። አንድ ካለ፣ አትፍሪ፤
በኩር ነው። ዳግም ሲታተም አንድ ትሰረዛለች፤
ሁለትም ተራዋን ቆማ ትጠብቃለች።
የወረቀት ካባ ከለበሰ፣ ጠብቂ፤
ካባ የሌለውን በግማሽ ጠይቂ።
ደግሞ ‹ለእገሌ› ሲል ዋጋው ይጎድላል፤
የማንም ያልሆነ ለሁሉም ይሸጣል።»
«አታንብቢው» አለኝ፤ «ጀርባው ይሰበራል።»
መርከብ እንዳይጎዳ ወደብ ይታሠራል?

ቤት ገብቼ አየሁት። አንድ አለ በቦታው፣
እንደ መጨረሻ ሰው ከመርከብ ያልወረደው።

በመጋቢት ወሩ ግላስጎ ሄድሁኝ፤
የኡና ስትራካን ልቦለድ ወጣ ሲሉኝ።
ሦስት ሰዓት በባቡር፣ በአፌ ስደጋግም፦
«ፊርማ ብቻ እባክሽ፣ ስም አያስፈልግም።»
ጫካው ውስጥ ስንገባ፣ ሐይቁ ዳር ስንወጣ፣
«ስም አያስፈልግም»፤ ከአፌ እንዳይታጣ።

ሰልፉ ላይ ከፊቴ አንድ ጎረምሳ ቆሞ፣
ስድስት አንድ ዓይነት መጽሐፍ በደረቱ ተሸክሞ፤
ስድስቱን አስፈርሞ፣ ፊቷን እንኳ ሳያይ፣
ሹልክ ብሎ ወጣ ሊቸበችብ ገበያ ላይ።

አሮጊት ናት ኡና፤ እጇ ይንቀጠቀጣል፤
ብዕሩ ከጣቷ እንደ ዓሣ ያመልጣል።
ቀና ብላ አየችኝ፤ መነጽሯን ገፋች፤
«ለማን ልበለው?» ብላ እጇን አዘገየች።
ሠላሳ አንድ ዓመት «ወዴት?» ስል የኖርሁ፣
«ለማን?» ሲሉኝ ያኔ መልሱን ዘነጋሁ።
«ለሞራግ» አለ አፌ፣ እኔን ሳያማክር፤
ፊደል በፊደልም ስሜን ጀመርሁ መቁጠር።
ግ ላይ ስትደርስ ግን ቀለሙ ፈሰሰ፤
በእጅጌዋ ብትጠርገው ጭራሹን ባሰ።
«ይቅርታ» አለችኝ። «ጻፊው እሱንም» አልሁ።
ሳቀች። ጻፈችልኝ። እቅፍ አርጌው ወጣሁ።

ቶርከል ገልጦ አይቶ ራሱን ነቀነቀ፤
«አርባ ፓውንድ ከሰርሽ» ብሎኝ ተሳቀቀ።
ይበል እንጂ አፉ፣ እጁ አልመለሰልኝ፤
ገጹን ደግሞ አየ። ደግሞ። ከዚያ ሰጠኝ።

ሁለት መጽሐፍ አሉኝ። መደርደሪያው ሰፊ ነው።
እንዳይወድቁ ብዬ ሰዓቱን አስደገፍኋቸው፤
ቆሟል፤ አልሞላሁትም።
አንድ ቀን ኢሶቤል ብትመጣብኝ አውቃ፣
ሻይ አለ። መጽሐፉን ግን... ሻይ አለ፤ በቃ።