አሥረኛዋ በግ

ጀልባ ጠራቢ ነኝ፤ ስብከት አይሆንልኝም፤
ከቺሎዌ ደሴት፣ ከዝናቧ በቀር ሌላ አገር የለኝም።

አንድ ጧት መምህርት ኤዱቪሄስ መጣች፣
ደጃፌ ላይ ቆማ ውሃ እያንጠባጠበች፤
«ለትንንሾቹ በግ ቅረጽልኝ፤ አሥር።
በጣት ያልዳሰሱት ቃል ልባቸው ውስጥ አያድር።
አንዲት በር ያላት በረት፣ እረኛም ጨምርበት፤
አፍ ውስጥ ይገባልና፣ ቀለም እንዳትቀባበት።»

ካረጀ ጀልባ ጎን ቀይ እንጨት ቆርጬ፣
ሌሊቱን ቀረጽኩኝ ምድጃው ዳር ተቀምጬ።
ዘጠኙ ተመሳሰሉ። አሥረኛዋ ላይ እንቅልፍ አዳለጠኝ፤
ቢላው ግራ ጆሮዋን ይዞት ሄደብኝ።

ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ በካልሲ በሚገባባት ክፍል፣
ሁሉም በእጃቸው ልክ ነው፤ ጽዋው የእንቁላል ቅርፊት ያክል።
ውሃ ይቀዳሉ፣ ያፈሳሉ፣ ይወለውላሉ፤
የስንዴ ቅንጣት በጣሳ አፈር ይቀብራሉ፣
በቅሎ እንደሆነ ደግሞ በማግስቱ ቆፍረው ያያሉ።
ሻማ ሲለኮስ ብቻ ትንፋሻቸውን ይውጣሉ።

ድንች በሚተከልበት ወር አንዷ በግ ጠፋች፤
ያቺው ጆሮ ቆራጣ።
ኤዱቪሄስ ምንጣፉን ገለበጠች፤
ኪስ ግን አልፈተሸችም።
«ነገ ሌላ እቀርጻለሁ፤ ምን ችግር አለው?» ብላት
ቀና ብላ አየችኝ፤ «እረኛው ምትክ ነው እንዴ የገዛላት?»
ቢላዬን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ።

ከዚያ ወዲህ ልጆቹ ዘጠኝ ያስገባሉ፤
የበረቷን በር ግን ሳይዘጉት ይሄዳሉ።
ሊሳንድሮ ብቻ፣ የአምስት ዓመቱ፣ በሩን አያይም፤
ዓይኑ መስኮቱ ላይ ነው፤ ከድንቹ መደብ አይነቀልም።

መጋቢት ላይ የአያቱን ማሳ ስናግዝ፣ ድንች ሲወጣ፣
ዶማዬ አንድ ጠንካራ ነገር መታ።
ድንጋይ መስሎኝ ነበር። ጎንበስ አልኩ፤
ጭቃ የጠጣች፣ የጠቆረች፣ ጆሮ ቆራጣዋ።

ልጁ በመደቡ መሃል እየሮጠ መጣ።
«ስንት ሆነች?» አለኝ።
አልገባኝም።
«ስንዴዋ ስትቀበር በዝታ የለ? ስንት ሆነች?»
እጄን ገልጦ አየ። ዝም አለ። ቆየና፣
«በጡጦ የማጠባት ግልገሌ ሞተች፤
አባዬ እዚህ ጋ ቀበራት።
ይቺ የእንጨት ናት፣ አትሞትም፤
መውጫውን እንድታሳያት ነበር።»

ስብከት አይሆንልኝም ብያለሁ።
ተንበርክኬ አብሬው በእጄ ቆፈርኩ፤
ድንች አገኘን፤ ድንች ብቻ።
በጓን በባልዲ ውሃ አጠብናት፤
ጥቁረቷ አልለቀቀም።

ቅዳሜ ይዟት ገባ። ኤዱቪሄስ ምንም አላለች፤
በረቷን በትንሹ ወደ እሱ ገፋ አደረገች።
እሱ ግን መጀመሪያ እረኛውን አነሣ፤
በወንበር ሥር፣ በጣሳዎቹ ኋላ፣
እስከ ደጃፉ ድረስ አስኬደው፤
እዚያ በጓን ትከሻው ላይ ጫነለት።
እንዲሸከም አድርጌ አልሠራሁትም፤ ወደቀች።
መልሶ ጫናት፤ ወደቀች።
በሦስተኛው በአውራ ጣቱ ደግፎ ያዛት፤
እንደያዛት፣ ቀስ ብሎ፣ ተመለሰ።

ማታ የእረኛውን ትከሻ ልቦርቡረው ብዬ
ቢላዬን አወጣሁ።
ተውኩት።