እጅ ማሞቅ

ሦስተኛ ምርጫዬ ነበረች ነርስነት፤
አንደኛው ሕክምና፣ ሁለተኛው መድኃኒት።
ምደባው ሲወጣ አባቴ ዝም ብሎ ቆየና፣ «ንገረኝ፣
ሴቷን ሲስተር ይሏታል፤ ወንዱን ምን ይሉታል?» አለኝ።
መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝ።

ደብረ ብርሃን ያልኖረ ስለ ብርድ አያውራ።
ጠዋት ከዶርም ስወጣ፣ ውርጩ ሣሩ ላይ ሲያበራ፣
ነጩን ጋዋን ከሹራቤ በላይ ደርቤ፣
የአጥንት ስም እያነበነብኩ በልቤ፣
ከግቢው በር እስከ ሆስፒታሉ
እጆቼ ኪሴ ውስጥ ሆነው እንኳ ይደነዝዛሉ።

መለማመጃ ክፍል የላስቲክ ክንድ አለ፣
ደም ሥሩ የማይሸሽ፣ ተወግቶም «ውይ» ያላለ።
እሱ ላይ ጎበዝ ነበርኩ። ሲስተር አጸደ መነጽሯን አውልቃ
«ይኼ ልጅ እጅ አለው» ብላኛለች ሳቃ።

ሦስተኛ ዓመት ነው። የወንዶች ክፍል፣ አልጋ ሰባት።
ጋሽ እንግዳሸት ተኝተዋል፤ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ሠርተው ሠላሳ ዓመት
ሱፉ ሳንባቸው ውስጥ ቀርቷል፤ ሲተነፍሱ
ማሽኑ ይሰማል፣ ድርና ማጉ ሲላላሱ።

ጓንት ክንዳቸው ላይ አሰርኩ። «እጅዎን ይጨብጡ» አልኩ።
ሳትኩ።
ደግሜ ፈለግሁት፣ ደም ሥሩ ሸሸኝ፤
አንዲት ጠብታ ደም ከአንሶላው ላይ አየችኝ።
ለሦስተኛ ሳነሣ ጣቴን ያዙና «መርፌውስ አላመመኝ፣
ልጄ፣ እጅህ ነው በረዶ፤ እሱ ነው ያስበረገገኝ።
ክርም እንዲህ ነው፣ በደነዘዘ ጣት ሲይዙት ይበጠሳል፤
እኛ እጃችንን ሳናሞቅ ማሽን አንነካም ነበር። ሰውማ ይብሳል።»

ብለው ከብርድ ልብሳቸው ሥር
(ራሳቸው የሠሩት ይሆን?)
ሁለቱንም እጆቼን አስገቡ።
በሽተኛው ነርሱን አሞቀ። ስንት ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም።
ከዚያ ገባ። ግሉኮሱ ጠብ፣ ጠብ አለ።
ይኼ መጽሐፉ ላይ የለም። በመውጫ ፈተናም አልመጣም።

በሳምንቱ አልጋ ሰባት ላይ ሌላ ሰው ነበር።
መጠየቅ ፈራሁ።

ተመረቅን። ተበተንን።
ሽመክት ሸዋ ሮቢት ከወባና ከሙቀት ጋር ይታገላል፤
«እዚህ እጅ ማሞቅ የለም» እያለ በስልክ ይሳለቃል።
ምንትዋብ አዲስ አበባ፣ ጽኑ ሕሙማን ክፍል፣ ስክሪን ታነባለች፤
ሌሊቱን ከመተንፈሻው ጋር አብራ ትተነፍሳለች።
ዮፍታሔ መድኃኒት አስመጪ ጋ ገባ፤ ከረባት አሰረ፤
ጋሻነህ የላስቲኩን ክንድ ወርሶ እዚያው ማስተማር ጀመረ።
ጽጌማርያም ሪያድ ናት፤ የሰው እናት ታገላብጣለች፤
የራሷን እናት በቪዲዮ «ኪኒንሽን ዋጥሽ?» ትላለች።
እልፍነሽ ዲግሪዋን በፌስታል ጠቅልላ
እስካሁን ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ትቆማለች።
ለዚህ ቤት መምቻ አጣሁ።

እኔን መሐል ሜዳ ደረሰኝ። መንዝ። ደብረ ብርሃንን ቆላ የሚያስብል ብርድ።
የክትባት ሣጥን ትከሻዬ ላይ፣ ገደሉን ስወጣ ስወርድ፣
ቁስል ሳጥብ፣ ግፊት ስለካ፣ ሌሊት በር አንኳኩተው ሲጠሩኝ፣
«ዶክተር» ይሉኛል። «ነርስ ነኝ» እላለሁ። «እሺ ዶክተር» ይሉኛል፣ እንዳላስቀይማቸው ዝም አልኩኝ።

ባለፈው ጥር አንዲት ተማሪ መጣች፣ ለልምምድ፣ ቤዛዊት።
ወላድ ክንድ ላይ ጎንበስ ብላ፣ መርፌው ጣቷ ላይ ሲንቀጠቀጥባት
አንዴ ሳተች። ሁለቴ። ዓይኗ ሞላ።
«አስቀምጪው» አልኳት። «እጅሽን አሙቂ፣ ሌላው ኋላ።»

«በምን?» አለች። ምድጃ የለ፣ መብራትም ከሄደ ቆይቷል።
እኔ መልስ ሳፈላልግ፣
የተኛችው ሴትዮ ምንም ሳትናገር
ባናዋን ገለጥ አደረገችላት።