የሰው ገመድ

ቅዳሜ ነው፤ ሳንጃ ገበያ። የጎንደር ነጋዴ ሰሊጥ ሲያስመዝን፣ ከሚዛኑ ሥር ባለ ዘንቢል ውስጥ
ሁለት ቡችላዎች፦ አንዱ ሲያንቀላፋ፣ አንዷ ሰው ላይ ስታፈጥ።

«እናቷ ሰሉጊ፣ ከገዳሪፍ የመጣች፣
ቆቅ ሳትነሣ በፊት በሩጫ የያዘች፤
አባቷ ያገር ውሻ፣ ያርማጭሆ በረኛ፣
አፍንጫው እንደ ዳኛ፣
የጃርት ዱካ ይዞ ጉድጓድ የሚሟገት።»
ይህን ያለኝ ኢድሪስ ነው፤ ሻጭ ምን ያጣል ተረት?

እኔም አዋቂ መስዬ ገለባብጬ አየኋት፦
ጅራቷን በጭኗ መሀል አዙሬ ከዳሌዋ አደረስኋት፣
ደረቷን በስንዝር፣ ጥርሷን በጣቴ፤
ከዚያ ዋጋ ጠየቅሁ፤ መጣ መዓቴ።

የአንድ በግ ዋጋ!
መዳፍ ለማትሞላ ሥጋ!

«ለውሻ?» አለ አንድ ሰው ከኋላዬ ቆሞ።
ማማይ ነው፣ ጎረቤቴ፤ ድንበሬን በሞፈሩ የገፋ
ዘንድሮም፣ አምናም፣ ካቻምናም አስቀድሞ።

ገዛሁ። በእልህ ነው የገዛሁ፣ አልዋሽም።
ከማማይ ሳቅ ፊት በግ ቢሉኝ በሬ ቢሉኝ አልሸሽም።

ቤት ስገባ ሽሙ ስሟን አወጣች፣ ሰሌን እየታታች፦
«ዋጋሽ ይታያል።» ቀና ብላም አላየች።

ከዚያ ማሳደግ ነው። ክረምቱን ሙሉ መዥገር ስለቅም፣
የማሽላ ገንፎ በአጓት ሳቀርብ፤ እሷ ፍልሰታን አታውቅም።
ባራት ወሯ እግሯ ከእሷ ቀድሞ አደገ፣
ከሌላ ገላ ጋር ሊሄድ የፈለገ
ይመስል ነበር። ጎድኗን ያየ ሁሉ «በረሃብ ፈጀሃት!» ይላል።
ዘሩ ነው፣ እላለሁ። ለሚሮጥ ነገር ስብ ምን ያደርግለታል?

አንዳርጌ ልጄ የሚዳቋ ቆዳ በገመድ አስሮ ይሮጣል፣
በዓይኗ ትከተለዋለች፤ አፍንጫዋ ዘግይቶ ይመጣል።
እናት ዓይን ሰጥታ፣ አባት አፍንጫ፣
የማን ልጅ እንደሆነች የሚለየው በሩጫ።

ኅዳር። ማሽላው ራሱን ሲደፋ
ከርከሮ ገባበት፤ በአንድ ሌሊት የስንት ሰው ቀለብ ጠፋ።
በማለዳ ለቀቅኋት። ቆመች። አንገቷን ሰገገች።
ከዚያ አልነበረችም።
አቧራ ነበር፣ የተናወጠ አገዳ ነበር፣ ብቻ፤
እኔም ጦሬን ይዤ ከኋላ፣ ብቻ ለብቻ፣
እስከ አንገረብ ዳር። ዱካዋ ውኃው ውስጥ ገባ፣ ማዶ አልወጣ።

ሦስት ቀን። ሽሙ «እነሆ፣ ዋጋዋ ታየ» አለች፤
አጓቷን ግን ማታ ማታ ከደጃፍ ታኖራለች፣
ያየኋት ሳይመስላት።

በአራተኛው ቀን ንጋት ላይ መጣች፦
እግሯን እሾህ በልቶት፣ ከአንገቷ ላይ ገመድ፣
በጥርስ የታኘከ ጫፉ መሬት ለመሬት ሲሄድ።

ገመዱን አየሁ። ቋጠሮውን ደግሞ አየሁ።
ወደ ግራ የዞረ ነው። እንዲህ የሚቋጥር አንድ ግራኝ ዐውቃለሁ፤
በሬውንም፣ ጭነቱንም እንዲሁ ነው የሚያስር።

ጦሬን አነሣሁ። አስቀመጥሁ። እንደገና አነሣሁ።
«መጀመሪያ ጎኗን እይ» አለች ሽሙ፤ ጎንበስ ብዬ ነካሁ፦
የከርከሮ ክራንቻ ቀዶት ነበር፣
በፈረስ ጭራ ተሰፍቷል፤ ቅቤ ተቀብቷል ዳር ዳር።
የሰፋት እጅ ያው ያሰራት እጅ ነው።
እንግዲህ ሰውዬውን በየትኛው ልክሰሰው?

እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ገመዱን ጠቅልዬ ሰጠሁት፤
«ያንተ ነው» አልሁት።
በግራ እጁ ተቀበለኝ። ማዶ ማዶውን እያየ ቆመ።
«ትሮጣለች» አለ ቆይቶ፤ ድምፁ ደከመ።

ስለ ድንበሩ ላነሣ ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ።
«ከወለደች» አልሁት «አንዷን ታሳድጋለህ።
ዋጋዋን ግን ታውቃለህ።»